ሙስታንግ ነፋስ መውጫን ትወጣለች?

ስቲቭ ማክዊን «ቡሊት» ፊልም ላይ የነዳት የ1968 ፎርድ ሙስታንግ፣ በፈረንጆቹ ጥር 2020 ጨረታዋ በ3.4 ሚሊዮን ዶላር ተዘጋ። ባለቤቶቿ በ1974 የገዟት በ6,000 ዶላር ነበር። ይህን ታሪክ እንደ ዳዊት የሚደግመው ዴንቨር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው፤ የዚያው ዓመት ሙስታንግ ለሽያጭ አግኝቶ ቀብድ ሊከፍል ነው። እዚያው ሊነዳት ቢሆን ምን ገዶኝ! ለሠርጉ ላይ ጋይንት ላስገባት ነው የሚለው።

ለምን ብትሉ፣ አባቱ ናቸው። ቻይናዎቹ በደርግ ጊዜ የወረታ–ወልዲያን መንገድ ሲሠሩ ድንጋይ ተሸክመዋል። «በሠራሁት መንገድ ልጄ በራሱ መኪና ሲመጣ ልይ» ይላሉ። ዕድሜያቸው ደግሞ ገፍቷል።

ሕጉ ግን አለ። ጥር 2016 ላይ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንደማይገባ አስታውቋል። ክልከላው ባይኖር እንኳ፣ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሎበታል። ለ1968 ሞዴል አስቡት።

ሕጉም ታክሱም ቀረ እንበል። ተራራው አይቀርም! ነፋስ መውጫ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ካርቡሬተር ያለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ፋብሪካው 195 የፈረስ ጉልበት ብሎ የሸጠው ባለ 4.7 ሊትር ሞተር እኛ ጋ ሲደርስ ወደ 135 ይወርዳል ማለት ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ቁልቁለቱ ይብሳል። የዚያ ዘመን ሙስታንግ ብዙዎቹ በአራቱም ጎማ የሸራ ፍሬን ነው ያላቸው፤ ሸራው ሲግል መያዝ ይሰንፋል። ከአስፋልት ወርዶ ወደ ሲማዳ፣ ወደ ወገዳ ልሂድ ቢልማ ሆዷን ድንጋይ ይጨርሰዋል። ቤንዚኑስ? በሃይላንድ ፕላስቲክ እየተለካ ነው የሚገዛላት?

በስልክ ይህን ሁሉ ዘረዘርኩለት። ዝም አለ። «ላንድክሩዘር ኮንትራት ያዝና ና» አልኩት። «በራሱ መኪና ነው ያሉት እንጂ በኮንትራት አላሉም» አለኝ። እውነቱን ነው።

ከዚያ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና አነሳን። ሞተሩ አየር ስለማይፈልግ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ ቁልቁለት ላይም ራሱ እየያዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ለጋይንት የተሠራ ይመስላል። ድምፅ የለውም፣ ለሠርግ ደግሞ ድምፅ ያስፈልጋል፤ እሱ ግን በጡሩምባ ይካካሳል።

ቀብዱን እስካሁን አልከፈለም። አሁን በየማታው የሚጠይቀኝ፣ ከደብረ ታቦር ወዲያ በሳምንት ስንት ቀን መብራት እንደሚጠፋ ነው።