ቱንቢና ውሃ ልክ ይዞ ሞተር ማየት

ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ቁልቁል ሲወርድ መሪው የሚንቀጠቀጥበት የድሮ ዲቲ ሞተር ባለቤት ቡራዩ ጋራዤ ድረስ ሲመጣ፣ መጀመሪያ የሚወነጅለው ኩሽኔታውን ነው። ኩሽኔታ ይለወጣል፣ ጎማ ይለወጣል፣ መሪው ግን አመሉን አይተውም። እኔ ቀድሜ የማየው የፊት ቸርኬውን ነው። የያማሃ ዲቲ 125 የፊት ቸርኬ 21 ኢንች ነው። እሱ ሲጣመም ከሌላ ሞተር የተነቀለ 18 ይገባለታል፤ ይሽከረከራል፣ ፍሬን ይይዛል፣ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ የሚጎድለው ግን በዓይን የማይታይ አንድ ርቀት ነው።

መሪው የሚዞርበትን ዘንግ በሐሳብ ወደ ታች ብናስረዝመው፣ መሬቱን የሚነካው ጎማው ካረፈበት ነጥብ ፊት ለፊት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትሬል ይባላል። የሆስፒታል አልጋ ሲገፋ ትንንሾቹ ጎማዎች ወደ ኋላ ዞረው የሚከተሉት በዚሁ ርቀት ኃይል ነው፤ የሞተሩንም መሪ ወደ ቀጥታ የሚመልሰው እሱ ነው።

ዘንጉ ከቱንቢው 28 ዲግሪ ቢጋደል፣ የጎማው አክስልም ከዘንጉ መስመር 60 ሚሊሜትር ወደ ፊት ቢወጣ፣ በ21 ቸርኬ ትሬሉ 111 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 18 ሲገባ የጎማው ማነስ ብቻውን ወደ 90 ያወርደዋል። በዚያ ላይ ፊቱ ወደ 4 ሴንቲሜትር ስለሚዘቅጥ ዘንጉ ይበልጥ ይቆማል፤ ትሬሉ 80 ይሆናል። የፈጠነ ሞተር ይህን ይቅር አይልም።

ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሰው ተቀምጦበት ሞተሩን ቀጥ አድርጌ አቆማለሁ፤ የጋራዤ ወለል ስለማይታመን ሳንቃ በውሃ ልክ አስተካክዬ አነጥፋለሁ። ቱንቢውን ከአክስሉ መሃል ጥዬ ነጥቡን በጠመኔ አሰምራለሁ፣ ቀጥ ያለ ብረት ከመሪው ቱቦ ጎን ትይዩ ይዤ መሬት እስኪነካ አወርደዋለሁ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ሜትር ይነግረኛል። ጋደሉን ደግሞ በስልክ ማዕዘን መለኪያ አነባለሁ።

ትሬል በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለቴ አይደለም። በሰበታ የክረምት ጭቃ ውስጥ በዝግታ ለሚነዳ ሰው የበዛ ትሬል ክንድ ይሰብራል።

«ፎርኩን ወደ ታች አውጥተህ እሰርልኝ» የሚለኝ አለ። አንድ ሴንቲሜትር ብናወርደው የምናተርፈው ከ3 ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ የጎደለው ደግሞ ወደ 30 ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዶ 21 ቸርኬ ይፈልግ እላለሁ። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ስለጣለች፣ ሞተሩን እኔ ዘንድ ትቶ በታክሲ ቢሄድ ይሻለዋል።