አዲሱ ማሽን ገበያ ሳይወጣ፦ የሙከራ ኮምፒውተሮች የሚያጋልጧቸው ስውር ግምቶች

አንድ የኮምፒውተር አምራች የፕሮሰሰሩን ዓይነት ሲለውጥ፣ በአሮጌው ላይ ለዓመታት ያለ እንከን የሠራ ሶፍትዌር በአዲሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከመንስኤዎቹ መካከል ለመለየት አስቸጋሪ የሆኑት አበልጻጊው ሳያውቀው ከአሮጌው ማሽን የወረሳቸው ግምቶች ናቸው። የሙከራ ኮምፒውተር ከሽያጭ በፊት ለአበልጻጊዎች የሚሰጠውም እነዚህ ግምቶች በተጠቃሚው እጅ ከመፈንዳታቸው በፊት እንዲታዩ ነው።

አፕል እ.ኤ.አ. በ2005 ከፓወርፒሲ ወደ ኢንቴል እንደሚሸጋገር ሲያስታውቅ፣ ፔንቲየም 4 የተገጠመለት ማሽን በ999 ዶላር ለአበልጻጊዎች አቀረበ። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች የአንድን ቁጥር ባይቶች በማህደረ ትውስታ የሚያስቀምጡበት ቅደም ተከተል ተቃራኒ ነበር። በመሆኑም ፓወርፒሲ ላይ በአራት ባይት ወደ ፋይል የተጻፈ 1፣ ቅደም ተከተሉን በማያስተካክል ፕሮግራም ኢንቴል ላይ ሲነበብ 16,777,216 ይሆናል። ሙሉ ቁጥርን በዜሮ ማካፈልም እንዲሁ ነው፤ ፓወርፒሲ በዝምታ ያልፈዋል፣ ኢንቴል ግን ፕሮግራሙን ያቋርጣል።

ከ15 ዓመት በኋላ አፕል ኢንቴልን ትቶ ወደ ራሱ ፕሮሰሰር ሲዞር ኤ12ዜድ የተገጠመለት ማክ ሚኒ በ500 ዶላር ቀረበ። በዚህ ጊዜ የተጋለጡት ግምቶች ሌሎች ነበሩ። የኢንቴል ማኮች የማህደረ ትውስታ ገጽ 4,096 ባይት ሲሆን የአዲሱ 16,384 ነው፤ የመጀመሪያውን ቁጥር በኮዱ ውስጥ በቋሚነት የጻፈ ፕሮግራም ይሰናከላል። ከዚህ ይልቅ አደገኛው የማህደረ ትውስታ ጽሑፎች ቅደም ተከተል ነው። ኢንቴል አንድ የሥራ ክር በተከታታይ የጻፋቸውን እሴቶች ሌላው ክር በዚያው ተራ እንዲያያቸው ያደርጋል፤ የአርም ንድፍ ግን ይህን ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ኢንቴል ላይ ተሸፍኖ የኖረ የመናበብ ጉድለት በአዲሱ ማሽን ላይ፣ ያውም አልፎ አልፎ ብቻ፣ ይታያል። በአሮጌው ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራ ሲሙሌተር ይህን ጉድለት ለማጋለጥ አይበቃም።

ይሁንና የሙከራው ማሽን ራሱ የመጨረሻው ምርት አይደለም። የ2005ቱ ኮምፒውተር በባዮስ ይነሣ ነበር፤ በጃንዋሪ 2006 የወጡት ማኮች ግን ኢኤፍአይን ተጠቀሙ፣ ፕሮሰሰራቸውም ኮር ዱዎ ሆነ። የ2020ው ማክ ሚኒ ተንደርቦልት አልነበረውም፤ በኖቬምበር የወጡት ኤም1 ማኮች ግን ነበራቸው። ስለዚህ በሙከራ ማሽን ላይ የታየ ውድቀት ጠንካራ ማስረጃ ሲሆን፣ በዚያው ላይ የታየ ስኬት ግን ጊዜያዊ ነው።

ሁለቱም ማሽኖች ተመላሽ ስለነበሩ ወጪው አከራካሪ መሆኑ አልቀረም። የ2005ቱን ለመለሱ አበልጻጊዎች አፕል አይማክ ሰጥቷል። በ2021 መጀመሪያ ግን በምትኩ ያቀረበው የ200 ዶላር የግዢ ክሬዲት ብቻ ነበር፤ አበልጻጊዎቹ ቅሬታ ካሰሙ በኋላ ወደ 500 ዶላር ከፍ አደረገው።