ፈንገስ ያልሆነው የጥፍር ሕመም

ጁባ ውስጥ የሐበሻ እንጀራ በአብዛኛው ከሰው ፊት ባለ እጅ ላይ ነው። ቡና የምትቀዳው፣ ሆቴል የሚያስተናግደው፣ ኮኞ ኮኞ ገበያ ቆሞ ዕቃ የሚሸጠው፣ ጋራዥ ውስጥ ቡሎን የሚፈታው፣ ሁሉም በጣቱ ይታያል። ከ2005ቱ (እ.ኤ.አ.) የሰላም ስምምነት በኋላ፣ ይልቁንም ከ2011 ነፃነት ወዲህ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የገባው ሰው በከተማዋ የሆቴልና የምግብ ቤት ሥራ ጉልህ ድርሻ አለው። እንዲህ ባለ ኑሮ ጥፍሩ የተበላሸ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ሕመሙ ሳይሆን የሰው ዓይን ነው። ሲኒ ሲያቀብል ጣቱን ያጥፋል፤ ማዕድ ላይ እጁን ይሰበስባል፤ ማጉረስ ይተዋል።

ከእነዚህ ጥፍሮች አንዳንዶቹን ያበላሸው ሶሪያሲስ ነው። ሶሪያሲስ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በራሱ አካል ላይ ሲነሣ የሚመጣ የዕድሜ ልክ ሕመም ሲሆን፣ የቆዳ ሕዋሳት ከልክ በላይ ፈጥነው እንዲባዙ ያደርጋል። ሕመሙ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ የሚሆኑት ጥፍራቸውም ይነካል። ጥፍሩን በብርሃን አዘንብሎ ላየው፣ በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታያሉ። ከሥሩ ቢጫማ ወይም ቀላ ያለ ነጠብጣብ ይኖራል፤ ጫፉ ከሥጋው ይላቀቃል፤ ከታች ደረቅ ፍርፋሪ ይከማቻል፤ ሲብስ ጥፍሩ ወፍሮ ይሰባበራል። ቁልፍ መቆለፍ፣ ሳንቲም ከጠረጴዛ ላይ ማንሣት፣ ሽንኩርት መላጥ ያማል።

ሶሪያሲስ አይተላለፍም። በመጨባበጥም፣ በሲኒም፣ በአንድ ትሪ በመብላትም አይተላለፍም። ይህን አሠሪዎችም ሊያውቁት ይገባል፤ በጥፍሩ ምክንያት ሰውን ከወጥ ቤት ማባረር የሕክምና መሠረት የለውም።

ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው ገና መነሻው ላይ ነው። የተበላሸ ጥፍር የያዘ ሰው በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ፋርማሲ ነው፤ እዚያም «ፈንገስ ነው» ይባላል። ግምቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ ከተበላሹ ጥፍሮች ግማሽ ያህሉ በእርግጥ በፈንገስ የተጠቁ ናቸው። ለቀረው ግማሽ ግን የፈንገስ ክኒን ለወራት መዋጥ ገንዘብን ማባከን፣ ጉበትንም ያለ ምክንያት ማድከም ነው። ሁለቱን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከጥፍሩ ሥር ተፍቆ የወጣው ፍርፋሪ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ተጨምሮበት፣ ወባ በሚታይበት በዚያው ማይክሮስኮፕ ይመረመራል። በተለይ የእግር ጥፍር ላይ ሁለቱ ሕመሞች አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ፈንገስ መገኘቱ ብቻውን ሶሪያሲስ የለም አያሰኝም። አዋቂ ሐኪም ጥፍሩን አይቶ አይበቃውም፤ የራስ ቅልን፣ ክርንን፣ ጉልበትን፣ እምብርትን ያያል።

መገጣጠሚያንም ይጠይቃል። ጠዋት ጣት አልታዘዝ የሚል ከሆነ፣ አንድ ጣት እንዳለ ካበጠ፣ ተረከዝ ካመመ፣ ሶሪያሲሱ ወደ መገጣጠሚያ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የመገጣጠሚያው ሕመም ካለባቸው መካከል የሚበዙት ጥፍራቸው የተነካ ነው። የጥፍር ነገር እንደ ውበት ጉዳይ ታይቶ ሲናቅ የሚያስቆጨውም ለዚህ ነው፤ ሳይታከም የቆየ መገጣጠሚያ አንዴ ከተጣመመ አይመለስም።

ሕክምናው እንደ ጥፍሮቹ ብዛትና እንደ ጉዳቱ ይለያያል። አንድ ሁለት ጥፍር ብቻ ከሆነ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ቅባት፣ ብቻውን ወይም ከካልሲፖትሪዮል ጋር፣ በጥፍሩ ዙሪያና በተላቀቀው ጫፍ ሥር ይቀባል። ክሎቤታሶል ፊት ለማቅላት ጭምር የሚሸጥ በመሆኑ ብዙዎች እንደ ቀላል ነገር ያዩታል፤ ያለ ሐኪም ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳን ያሳሳል። ትሪያምሲኖሎን የሚባለውን መድኃኒት ጥፍር አጠገብ መውጋትም ይረዳል፤ መርፌው ያማል፣ የሰለጠነ እጅም ይፈልጋል። የፕሬድኒሶሎን ክኒን ግን ለሶሪያሲስ ተብሎ አይጀመርም፤ ሲቋረጥ ሕመሙን አብሶ ሊመልሰው ይችላል።

ብዙ ጥፍር ወይም መገጣጠሚያ ሲነካ ሜቶትሬክሴት ይታዘዛል። ለሶሪያሲስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያገለገለና ዋጋው የማይከብድ መድኃኒት ነው፤ አወሳሰዱ ግን ስሕተት አይወድም። ባለ 2.5 ሚሊግራም ስድስት ፍሬ የታዘዘለት ሰው ስድስቱን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይወስዳል፤ አብሮ የሚታዘዘውን ፎሊክ አሲድ ደግሞ በሌላ ቀን። በየቀኑ ውጠው የሞቱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ቀኑ፣ «ሰኞ» ወይም «ቅዳሜ» ተብሎ፣ በመድኃኒቱ ካርቶን ላይ በአማርኛ ቢጻፍ ነፍስ ያድናል። እርጉዝ ሴት ወይም ለማርገዝ ያሰበች አትወስደውም፤ መጠጥ ከእሱ ጋር አይስማማም፤ የደምና የጉበት ምርመራ በየጊዜው ያስፈልገዋል። ለሳልና ለተቅማጥ በየሱቁ የሚገዛው ባክትሪም አብሮት ሲወሰድ መቅኔን ሊያደርቅ ይችላል።

ከሜቶትሬክሴት በላይ ያሉት ባዮሎጂክ የሚባሉት መርፌዎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ አዳሊሙማብ በ2017 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ለጥፍር ሶሪያሲስ ተብሎ ጭምር ጸድቋል፤ በ2019 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ለሌሎች የመከላከያ ሥርዓት ሕመሞች በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገብቶታል። ለጁባ ሰው ግን ከዋጋው ሌላ ሁለት እንቅፋት አለበት። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት፣ ጄኔሬተር በጠፋ ቁጥር ፍሪጅ የሚጠፋበት ቤት አይመቸውም። ተደብቆ የተቀመጠ ቲቢንም ሊቀሰቅስ ስለሚችል አስቀድሞ መመርመር ግድ ነው።

ወዴት ይሂድ? ጁባ የቆዳ ስፔሻሊስት በቀላሉ የሚገኝባት ከተማ አይደለችም። አቅም ያለው ኢትዮጵያዊ አውሮፕላን ተሳፍሮ አዲስ አበባ ይገባል፤ ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመው አለርት ዛሬ ለቆዳ ሕመም ሁሉ ሪፈራል የሚላክበት ሆስፒታል ነው። ችግሩ ሲመለስ ነው። የሦስት ወር መድኃኒት ይዞ ይመጣና የደም ምርመራው የት እንደሚሠራ፣ ውጤቱን ማን እንደሚያይለት ሳይነገረው ይቀራል። ከአዲስ አበባ ከመነሣቱ በፊት የምርመራውን ዓይነትና ቀን በጽሑፍ ቢቀበል፣ ጁባ ያለ ጠቅላላ ሐኪምም ሊከታተለው ይችላል።

ለዘለቄታው መፍትሔው ሌላ ቦታ ተሞክሯል። ታንዛኒያ፣ ሞሺ ከተማ ያለው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ የጤና መኮንኖችን በሁለት ዓመት የቆዳ ሕክምና ያስተምራል፤ ምሩቃኑ ስፔሻሊስት በሌለበት ቦታ ይሠራሉ። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2014 ስለ ሶሪያሲስ፣ በ2025 ደግሞ ስለ ቆዳ ሕመሞች በጠቅላላ ውሳኔ አሳልፏል። ውሳኔዎቹ ጁባ ደርሰዋል የሚባለው ጤና ጣቢያ ውስጥ ጥፍርን የሚያይ አንድ የሰለጠነ ሰው ሲቀመጥ ነው።

እስከዚያው ድረስ በእጅ ያለው ጥንቃቄ የሚናቅ አይደለም። ጥፍር የሚቆሰቁስ ነገር ሁሉ ሶሪያሲሱን ይጠራል። አጭር አድርጎ መቁረጥ፣ ከሥሩ ያለውን ፍርፋሪ በስለት አለመፋቅ፣ የጥፍር ሥጋ አለማስገፋት፣ ዕቃ ሲታጠብ ከጥጥ ጓንት በላይ የላስቲክ ጓንት መልበስ ይጠቅማል። መድኃኒት የጀመረ ሰው በወሩ ለውጥ አላየሁም ብሎ ባይተው ይበጃል፤ የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ ሙሉ ለሙሉ ለመተካት ስድስት ወር ገደማ፣ የእግሩ ደግሞ ከዓመት በላይ ይወስዳል። በየወሩ መጀመሪያ ጥፍሩን በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ በቀጠሮ ቀንም ለሐኪሙ ማሳየት ነው።