የዕጩው ተስፋና የክትባቱ ጥበብ

ሹመት በምርጫ በሚገኝባቸው አገሮች ለሥልጣን የሚወዳደሩ ሰዎች ስለ ግብር፥ ስለ ሥራና ስለ ጦር ሠራዊት ብዙ ይናገራሉ። ስለ ፓተንት ግን፥ ይኸውም አንድን ነገር አስቀድሞ ያገኘ ሰው ወይም ኩባንያ ሌላው ያለ ፈቃዱ እንዳይሠራው ሕግ ለተወሰነ ዘመን ስለሚሰጠው መብት፥ የሚጠይቃቸው ጥቂት ነው፤ የጠበቆችና የነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያልና። የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ይህ ጉዳይ በድንገት የነፍስ ጉዳይ ሆነ።

በሐምሌ ወር 2012 ዓ.ም. ሚስተር ጆ ባይደን ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፥ በጽኑ ሕመም ምክንያት በመሣሪያ ድምፅ ይናገሩ የነበሩት የሕክምና መብት ተሟጋች አዲ ባርካን አንድ ጥያቄ አቀረቡላቸው። አሜሪካ ክትባቱን ቀድማ ብታገኝ ጥበቡን ለሌሎች አገሮች ታካፍላለችን? ፓተንትስ እንቅፋት እንዳይሆን ይደረጋልን? ሚስተር ባይደንም ያለ ማመንታት በእርግጥ ይደረጋል፥ ሰብአዊነት ያለው ሥራ ይኸው ብቻ ነው ሲሉ መለሱ። ጥያቄው ሁለት ክፍል እንደ ነበረው ልብ ማለት ይገባል፤ ጥበቡ አንድ ነው፥ ፓተንቱም ሌላ ነው።

መስከረም 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ሕንድና ደቡብ አፍሪካ ወረርሽኙ እስኪያልፍ ድረስ የክትባቱና የመድኃኒቱ ፓተንት እንዲታገድ ለዓለም የንግድ ድርጅት አመለከቱ። ከ100 የሚበልጡ አገሮች ደገፉአቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴዎድሮስ አድሓኖምም በግልጥ ደገፉ። የፕሬዚዳንት ትራምፕ መንግሥት፥ የአውሮፓ ኅብረት፥ እንግሊዝና ስዊስ ግን ተቃወሙ። የተቃዋሚዎቹ ቃል እንዲያው የሚናቅ አይደለም፤ ገንዘቡን አፍስሶ የደከመ ሰው መብቱን ከተነጠቀ ለሚመጣው መቅሠፍት ማን ይደክማል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ሞደርና የተባለው ኩባንያ ለምርምሩና ለክትባቱ ግዢ ከአሜሪካ ሕዝብ ግምጃ ቤት በቢሊዮን የሚቈጠር ዶላር ተቀብሎአልና፥ ወጪው የእርሱ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም።

ሚስተር ባይደን ጥር 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዙ በኋላ ከሦስት ወር በላይ አለፈ። ሚያዝያ 27 ቀን የንግድ እንደራሴያቸው ካትሪን ታይ አሜሪካ የክትባቱን ፓተንት መታገድ እንደምትደግፍ አስታወቁ። ነገር ግን ጀርመንና ሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ስላልተስማሙ፥ ክርክሩ በዤኔቭ ከ13 ወር በላይ ተጓተተ። ሰኔ 10 ቀን 2014 ዓ.ም. የተወሰነውም መጀመሪያ የተለመነው አልነበረም። በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ለ5 ዓመት ያህል ባለ መብቱ ሳይፈቅድ ክትባት እንዲያመርቱና እርስ በርሳቸው እንዲላላኩ ብቻ ተፈቀደ። የመድኃኒቱና የመመርመሪያው ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. ያለ ስምምነት ተዘጋ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ክትባቱ በዓለም ከሚፈለገው በላይ ተትረፍርፎ ነበር። እርሻው ከታጨደ በኋላ ዝናብ መጣ ማለት ነው።

የጥያቄው ሌላው ክፍል፥ ጥበቡን ማካፈል፥ ከዚህም የባሰ ዕጣ ደረሰው። ሞደርና ገና መስከረም 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ወረርሽኙ እስኪያልፍ በፓተንቱ ማንንም አልከስም ብሎ ነበር። በሩ የተከፈተ ይመስል ነበር፤ የሚገባበት ግን አልነበረም። የፓተንት ጽሑፍ የሥራውን ምሥጢር ሁሉ አያስተምርምና። በቤተ ክርስቲያንም ድጓውን ከነምልክቱ በእጁ የያዘ ሁሉ ዜማውን አይችልም፤ የሚያቃናለት መምህር ያስፈልገዋል።

ሚስተር ባይደን ምንም አላደረጉም ማለት ሐሰት ይሆናል። በመቶ ሚሊዮን የሚቈጠር ክትባት በነጻ ላኩ፤ በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. የመንግሥታቸው ተመራማሪዎች ያገኙአቸው አንዳንድ ጥበቦች ለዓለም እንዲካፈሉ አደረጉ። በመንግሥት እጅ የነበረውን ሰጡ ማለት ነው። በኩባንያው እጅ የነበረውን ግን እንዲያስተምር አላስገደዱትም፤ በዕጩነታቸው ጊዜ ተስፋ የሰጡት ግን ይህንም የሚጨምር ነበር።

በዚህ መካከል የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን የክትባት ጥበብ ማስተማሪያ ማዕከል እንዲቋቋም አደረገ። አፍሪጀን የተባለው ኩባንያ ባለሙያዎች ከሞደርና ትምህርት ሳያገኙ፥ ለሕዝብ በተገለጠው ጽሑፍ ብቻ እየተመሩ፥ በ2014 ዓ.ም. ያንኑ የመሰለ ክትባት በቤተ ሙከራ በጥቂቱ ሠሩ። መምህር የከለከላቸውን ሙከራ አስተማራቸው፤ በዚያ ሁሉ ወራት ግን ሕመምተኛው ይጠብቅ ነበር።