የማይነገር እውነት፦ ግብረ መልስ፣ ጾታና እውነተኛ መሪነት በሥራ ቦታ



ንግግሬን በራሴ ጥፋት ልጀምር። የትምህርት ክፍል ኃላፊ በነበርሁበት ጊዜ የሁለት ወጣት መምህራንን የምርምር ረቂቅ አንብቤ አስተያየቴን በጽሑፍ ሰጠሁ። የሁለቱም ድክመት ተመሳሳይ ነበር። ለወንዱ «ንድፈ ሐሳቡ ከመረጃው ጋር አልተያያዘም፤ ሦስተኛው ክፍል እንደገና ይጻፍ» አልሁ። ለሴቲቱ ግን «መልካም ጅምር ነው፤ በርቺ» ብዬ አለፍሁ። እርሱ አርሞ አሳተመ። የእርሷ ጽሑፍ ከመጽሔቱ ተመለሰ። በኋላ «ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህ የእኔ ብቻ ጠባይ አይደለም። ሊሊ ጃምፖልና ቪቪያን ዛያስ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ይፋ ያደረጉት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሰዎች ለደካማ ሥራ ግብረ መልስ ሲሰጡ ለሴት ጸሐፊ የሚሰጡት ለወንድ ከሚሰጡት ይልቅ እውነቱን የሚያለሳልስ ነው። በእኛም ዘንድ ይሉኝታ ይህን ያባብሰዋል፤ «ታዝንብኛለች» ወይም «ሴት ይጫናል እባላለሁ» የሚል ስጋት ብዕራችንን ይይዛል። ርኅራኄ የሚመስለው ዝምታ ግን የመታረምን ዕድል ይነፍጋል። ከጊዜ በኋላ የዕድገት ውድድር ሲመጣ፣ ያልተነገረው ድክመት የብቃት ማነስ ተደርጎ ይቆጠርባታል።

የእውነተኛ መሪነት ተመራማሪዎች የመሪውን ጠባይ በአራት ይከፍሉታል፤ ራስን ማወቅ፣ ግልጽነት፣ የተለያዩ አስተያየቶችን ሚዛናዊ ሆኖ መመርመርና ከውስጥ የመነጨ ሥነ ምግባር ናቸው። ስለዚህ እውነተኛነት ማለት ያሰቡትን ሁሉ በግልጽ መዘርገፍ አይደለም። በጉባኤ ፊት ሰውን የሚያሸማቅቅ ግምገማም ከሐቀኝነት አይቆጠርም። ሐቀኛ ግብረ መልስ ሰውየውን ወይም ሴቲቱን ሳይሆን ሥራውን ይመለከታል፤ የትኛው ክፍል፣ በምን ምክንያት፣ እንዴት እንደሚስተካከል ይናገራል።

ሚዛኑ በሌላም በኩል ይዛባል። ወንድ አለቃ በግልጽ ሲናገር «ቆራጥ» ይባላል፤ ሴት አለቃ ያንኑ ስትናገር «ኃይለኛ» ትባላለች። እውነትን የማትቀበል ተቋም፣ ሴቶችን ለኃላፊነት ብትሾምም እንደ ራሳቸው ሆነው እንዲመሩ አትፈቅድላቸውም።

ስለዚህ አስተያየታችሁን ከመላካችሁ በፊት የተቀባዩን ስም ለውጣችሁ አንብቡት። የወንድ ስም ብታስገቡ ኖሮ ሌላ የምትጽፉ ከሆነ፣ ደግማችሁ ጻፉት። እኔ ይህን የተማርሁት ዘግይቼ ነው፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን ሌላ ሰው ናት።