በ5 ዋት ውቅያኖስ መሻገር ይቻላል፤ ቁም ነገሩ አንቴናው ላይ ነው

ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ ዲሽ አስተካክላችሁ ታውቃላችሁ? «መጣ?» «አልመጣም!» «አሁንስ?» «መጣ፣ መጣ... ኧረ ጠፋ!» ሳተላይቱ ያለው ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። እናንተ ጣሪያ ላይ ስትታገሉ ኃይሉን የጨመረለት ማንም የለም። የተለወጠው የሳህኑ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ እሱም በጥቂት ሳንቲ ሜትር። ስክሪኑ ላይ ግን ልዩነቱ በምስልና በባዶ መካከል ነው።

የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ይህን ነገር በደንብ ያውቁታል። አማተር ሬዲዮ (ሃም ሬዲዮም ይባላል) ማለት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለንግድ ሳይሆን ለመማር፣ ለመሞከርና በአደጋ ጊዜ ለማገልገል የሚያደርጉት የሬዲዮ ግንኙነት ነው። ከእነሱ ውስጥ ደግሞ «ኪው አር ፒ» የሚባል መንገድ የሚከተሉ አሉ። ስሙ ከድሮ የቴሌግራፍ ኮድ የመጣ ሲሆን «ኃይል ልቀንስ?» እንደማለት ነው። ብዙዎቹ በሞርስ ሲያወሩ ከ5 ዋት፣ በድምፅ ሲያወሩ ደግሞ ከ10 ዋት አያልፉም። 5 ዋት አንዲት ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል የምትበላው ያህል ነው። በዚህ ኃይል ግን አህጉር አቋርጠው ያወራሉ።

እንዴት ይሆናል?

👉 አንደኛ፣ ጆሮ እንደምናስበው አይቆጥርም። የተለመደ የአማተር ሬዲዮ 100 ዋት ይልካል። ወደ 5 ዋት ስትወርዱ ኃይሉ 20 ጊዜ ቀነሰ ማለት ነው፤ ሲሰሙት ያስደነግጣል። በሬዲዮው የሲግናል መለኪያ ላይ ግን አንድ ደረጃ ለመውረድ ኃይሉ 4 ጊዜ መቀነስ አለበት። ስለዚህ 20 ጊዜ ሲቀንስ መለኪያው የሚወርደው ሁለት ደረጃ ከምናምን ነው። በ100 ዋት 9 ላይ የነበረ ሲግናል በ5 ዋት ወደ 7 ገደማ ይወርዳል። አሁንም በደንብ ይሰማል።

👉 ሁለተኛ፣ የአጭር ሞገድ ሲግናል ከምድር በላይ ያለው አዮኖስፌር የሚባለው ንብርብር ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ሰማዩ ክፍት ሲሆን መንገዱን የሚሠራላችሁ እሱ ነው።

👉 ሦስተኛውና ትልቁ አንቴናው ነው። ሦስት ዘንግ ያለው «ያጊ» አንቴና (የድሮው የቲቪ አንቴና ዓይነት) ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ሰብስቦ ሲልክ፣ በዚያ አቅጣጫ 5 ዋቱን ወደ 20 ዋት ያስጠጋዋል። ተጨማሪ ባትሪ የለም፣ ተጨማሪ ሙቀት የለም። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ መስማቱ ነው። የመላኪያ ኃይል ብትጨምሩ ሌላው ሰው እናንተን ይሰማችኋል እንጂ እናንተ እሱን በተሻለ አትሰሙትም። ጥሩ አንቴና ግን ሁለቱንም ይሠራል፤ ከጀርባ የሚመጣውን ጫጫታም ይቀንሳል።

የዚህ ትልቁ ምስክር ቮዬጀር 1 ናት። በ1977 (እ.ኤ.አ.) የተላከችው ይህች መንኮራኩር አሁን ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቃለች። የምትልከው ኃይል 23 ዋት ገደማ ብቻ ነው። የሚያገናኘን እሷ ላይ ያለው 3.7 ሜትር ስፋት ያለው ሳህንና እዚህ ምድር ላይ ያሉት እስከ 70 ሜትር የሚሰፉ ሳህኖች ናቸው።

«ታዲያ ጥሩ አንቴና ውድ አይደለም ወይ?» ካላችሁ፣ መጀመሪያው የመዳብ ሽቦ ነው። ለ14.1 ሜጋኸርዝ 143ን ለ14.1 አካፍሉ፦ 10.1 ሜትር ገደማ ይመጣል። ሽቦውን መሃል ላይ ለሁለት ቆርጣችሁ፣ በየጎኑ 5 ሜትር ገደማ አድርጋችሁ፣ ከመሃሉ ገመድ ወደ ሬዲዮው ስታወርዱ «ዳይፖል» ሆነ። ርቀት ለመሄድ ግን ከፍታ ይፈልጋል፤ ለዚህ ሞገድ 10 ሜትር ገደማ ጥሩ ነው። ሁለት ሜትር ላይ ካንጠለጠላችሁት ብዙው ኃይል ወደ ላይና ወደ መሬት ይባክናል። ገመዱንም አትናቁ፦ ቀጭንና ረጅም ገመድ ከላካችሁት ግማሹን መንገድ ላይ ሊበላው ይችላል። ከኤሌክትሪክ መስመር መራቅ ደግሞ ግዴታ ነው። ሽቦ ሲሰቅሉ መስመር ነክተው የሞቱ ሰዎች አሉ።

ይሄ ሁሉ ለምን ይጠቅማል? በ2017 (እ.ኤ.አ.) ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ስትመታ መብራትም የስልክ ኔትወርክም ወደቀ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ያኔ 50 የአማተር ሬዲዮ ኦፕሬተሮች ይላኩልኝ ብሎ ጠይቋል። መብራት በሌለበት ያለችው ባትሪ ብቻ ናት። 100 ዋት የሚልክ ሬዲዮ ባትሪዋን ቶሎ ይጨርሳታል፤ 5 ዋት የሚልክ ግን በትንሽ ባትሪና በትንሽ ሶላር ረጅም ሰዓት ይሠራል። ያኔ ሰው መድኃኒት የት እንደጠፋ፣ ማን በሕይወት እንዳለ ማሳወቅ የሚችለው በተሰቀለችው ሽቦ ልክ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሀገራችን የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ደግሞ «ኢቲ3ኤኤ» በሚል መጠሪያ በዓለም የሚታወቅ የክለብ ጣቢያ አለ።

ለመስማት ግን አሁን የያዛችሁት ስልክ ይበቃል። በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ «ዌብኤስዲአር» የሚባል በኢንተርኔት የሚከፈት መቀበያ አለው፤ ነፃ ነው። ከፍታችሁ 14074 ኪሎኸርዝ ላይ አድርጉት። የምትሰሙት ፉጨት የሚመስል ድምፅ ከየአህጉሩ የሚመጡ መልእክቶች ነው፤ ከመካከላቸው በጥቂት ዋት የተላኩ አሉ።

የሰማችሁትን ኮመንት ላይ ንገሩን። ዲሽ ሲስተካከል «መጣ፣ መጣ!» እያለ ከታች ለሚጮኸው ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።