ከመድኃኒት ሱስ ለመላቀቅ ማቋረጥ ብቻውን በቂ አይደለም

ሕመምን ለማስታገስ፣ ጭንቀትን ለማርገብ ወይም እንቅልፍ ለማምጣት በሐኪም የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ በተለይም ለረጅም ጊዜ ወይም ከታዘዘው መጠን በላይ ሲወሰዱ፣ ሱስ ያስይዛሉ። በዚህ ረገድ ሁለት የመድኃኒት ዓይነቶች ጎልተው ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ኮዴይንና ትራማዶል ያሉ ኦፒዮይድ የሚባሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ሁለተኛዎቹ ደግሞ እንደ ዳያዜፓም ያሉ ቤንዞዳያዜፒን በመባል የሚታወቁ የማረጋጊያና የእንቅልፍ መድኃኒቶች ናቸው።

የሰውነት መላመድና ሱስ አንድ አይደሉም። ለካንሰር ሕመም ሞርፊን የታዘዘለት ሕሙም ሰውነቱ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል፤ ይህ ግን ሱሰኛ አያሰኘውም። ሱስ የሚባለው ሰውየው ጤናው፣ ሥራውና ቤተሰቡ እየተጎዳ መሆኑን እያወቀ መድኃኒቱን መተው ሲያቅተው ነው። ልዩነቱን አለመገንዘብ ማስታገሻ በእርግጥ የሚያስፈልገውን ሕሙም ያለ አግባብ ለስቃይ ይዳርጋል።

መድኃኒቱን የተላመደ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ሰውነቱ ይታወካል። አጭር ጊዜ የሚሠሩ ኦፒዮይዶችን ያቋረጠ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የጡንቻ ሕመም፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥና እንቅልፍ ማጣት ይጀምረዋል፤ ሕመሙም ከ4 እስከ 10 ቀናት ሊቆይ ይችላል። ስቃዩ ከባድ ቢሆንም በራሱ ለሞት የሚዳርገው ከስንት አንዴ ነው። ቤንዞዳያዜፒንን በድንገት ማቋረጥ ግን ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍና ራስን የሚያስት ሕመም፣ እንዲሁም የአእምሮ መቃወስ ሊያስከትል ስለሚችል ለሕይወት አስጊ ነው።

በሕክምና ክትትል የማቋረጥ ዓላማ ይህን አደጋ መከላከል ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ ሕሙሙ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ መጠናቸውንና የአልኮል አጠቃቀሙን ያጣራል። ለኦፒዮይድ ሱሰኞች ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ተሰጥቶ መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀነሳል፤ ክሎኒዲን የተባለው መድኃኒትም ምልክቶቹን ያቃልላል። ቡፕረኖርፊን የሚጀመረው የማቋረጥ ምልክቶች በግልጽ ከታዩ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተሰጠ ሕመሙን ያባብሳል። ለቤንዞዳያዜፒን ሱሰኞች ደግሞ በአብዛኛው ረዘም ላለ ጊዜ የሚሠራው ዳያዜፓም ይተካና በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ እየተቀነሰ ይቆማል።

ይሁንና ይህ የሕክምናው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። መድኃኒቱ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ቀድሞ የነበረው የመላመድ አቅም ይጠፋል። በዚህ ወቅት ወደ ሱሱ የተመለሰ ሰው የቀድሞውን መጠን ቢወስድ ትንፋሹ ቆሞ ሊሞት ይችላል። በመሆኑም ለኦፒዮይድ ሱስ በሜታዶን ወይም በቡፕረኖርፊን የሚሰጥ የረጅም ጊዜ ሕክምና ከምክር አገልግሎት ጋር ተጣምሮ ይመከራል። ሁለቱም መድኃኒቶች እ.ኤ.አ በ2005 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ተካተዋል። ነፍሰ ጡር ሴቶችም ከማቋረጥ ይልቅ ይኸው ሕክምና እንዲሰጣቸው ድርጅቱ ይመክራል።

ከአሜሪካ የሚገኘው ትምህርት ይህንኑ ያጠናክራል። ኦክሲኮንቲን የተሰኘው ማስታገሻ እ.ኤ.አ በ1996 ለገበያ ከቀረበ በኋላ ሱሱ በስፋት ተዛመተ። በ2007 የአምራቹ የፐርዱ ፋርማ ተዛማጅ ኩባንያ ስለ መድኃኒቱ ሱስ አስያዥነት አሳሳች መረጃ መሰጠቱን በማመን በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሏል። ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ግን ሕክምናው አብሮ ባለመስፋፋቱ ብዙዎች ወደ ሄሮይንና ወደ ሕገ ወጥ ፌንታኒል ዞሩ። ከ2021 እስከ 2023 ድረስ በየዓመቱ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ከመጠን ባለፈ የመድኃኒትና የዕፅ አወሳሰድ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ሐኪሞች ቡፕረኖርፊን ለማዘዝ ይጠየቁት የነበረው ልዩ ፈቃድ የተነሳው በ2022 መጨረሻ ነው።

በኢትዮጵያ የናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች አስተዳደር በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተደነገገ ሲሆን፣ መድኃኒቶቹም በልዩ ማዘዣ ወረቀት ይታዘዛሉ። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕሙማንን ከሚያስተናግዱ ተቋማት አንዱ ነው።

ቁጥጥሩ ውጤታማ የሚሆነው ሕክምናው ጎን ለጎን ሲሄድ ነው። በሱስ የተያዘ ሠራተኛ ችግሩን ደብቆ መድኃኒቱን በራሱ ውሳኔ በድንገት እንዳያቋርጥ፣ ይልቁንም በግልጽ ተናግሮ ወደ ሐኪም እንዲቀርብ ማበረታታት የቅርብ ኃላፊዎች ድርሻ ነው። ሱስ ሊታከም የሚችል ሕመም እንጂ የምግባር ጉድለት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም።